ቀይዋ የገረጣች ጊዜ

ጎረቤቴ አናጢ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል፤ ልጅ አዋቂው ጋሽ ውሃልክ ነው የሚለው። ውሃልክ ማለት ጠረጴዛ መዝመሙን፣ መደርደሪያ ማዘንበሉን የምታጋልጠው፣ ውስጧ አረፋ የምትንሳፈፍባት የአናጢ ዕቃ ናት። እሱ ትንሿን ከሸሚዝ ኪሱ አይለያትም። መጀመሪያ እኔ ቤት የገባ ዕለት ገና ወንበር ሳልስብለት የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጣትና አንገቱን ሰበር አድርጎ አያት።

«ልጄ፣ አንቺ እኮ የምትሰፊው ቁልቁለት ላይ ነው» አለኝ።

አልዋሽም፣ ብግን ነው ያልኩት። ስንት ዓመት እንጀራዬ በሆነ መኪና! እሱ ግን ቁጣዬን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከኪሱ ቀጭን የእንጨት ቅራፊ አውጥቶ ከአንዱ እግር ሥር ወሸቀና «አሁን ስፊ» አለኝ። መኪናው ከዚያ ወዲህ ተንገጫግጮ አያውቅም። እኔም ሰውዬውን የወደድኩት ከዚያ ወዲህ ነው። አንቱ ልለው ስሞክር ግን አሻፈረኝ አለ። «አንቱ ለባዳ ነው። አንድ አጥር ተደግፈን እየኖርን አንቱ ስትዪኝ ወገቤን ያመኛል» አለ። ይኸው በዕድሜ አባቴ ሊሆን ምንም አይቀረው፣ ጋሼ እያልኩ በአንተ አወራዋለሁ።

ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። የልብስ ማስጫዬን ምሰሶ ሳልጠይቀው አቃንቷል። ክሊኒክ ወረፋ ስንጠብቅ ወንበር ላይ ወጥቶ የግድግዳውን ሰዓት ሲያስተካክል ከዘበኛው ጋር ተጣልቷል። ሚስማር ደግሞ አይወድም። «ሚስማር የሰነፍ ኮላ ነው» ይላል። እንጨትን የሚያገጣጥመው በእንጨት ነው፤ አንደኛውን በመሮ ይቦረቡርና የሌላኛውን ጫፍ ጠርቦ እዚያው ይሰካዋል። የሠራው ወንበር ላይ ተቀምጠህ ብታረጅ አንድ ቀን ሲጥ አይልብህም።

ሚስቱን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ዳቦ ቤት ነበር የምትሸጠው። ጠርዙ ያረረ የሚወደው ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ ጥርስ እንደነቀለና ለስላሳው እንደሚሻለው፣ ማን ከሚስቱ ተኳርፎ ለብቻው እንደሚበላ ታውቅ ነበር። ስም አይጠፋትም። ተረብም እንደዚያው። «እኔን የመረጠኝ ለመልኬ መሰላችሁ? ቁመቴ ከሠራው በር ጋር ልክ ስለመጣ ነው» ትልና እሱ ሲያፍር እያየች በሳቅ ትንፈራፈራለች።

ያደገችው ዶሮ ከምታረባ አክስቷ ጋር ስለነበር፣ ጡረታ ስትወጣ ያማራት ሌላ ነገር ሳይሆን ጓሮዋ ውስጥ ዶሮ ማየት ነበር። እሱም ሠራላት። የዶሮ ቤት ስላችሁ ቆርቆሮና ጣውላ እንዳይመስላችሁ። በሩ ቅስት አለው፣ እንቁላል መጣያው ክዳን አለው፣ ዶሮዎቹ የሚያድሩበት ቆጥ ሳይቀር ከግድግዳው እንጨት ጋር ተሰካክቶ የተገጠመ ነው። አንድ ሚስማር የለበትም። ቤቱን ያስመረቀ ዕለት እትዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዞረችውና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ከኔ ማድ ቤት ይሻላል። እኛ እዚህ እንግባ፣ ዶሮዎቹን ቤት አስገባቸው» አለችው። ደስ ያለው ዕለት እንደሚያደርገው ውሃልኩን አውጥቶ ጣሪያው ላይ አስቀመጠ። አረፋዋ መሃል ላይ ቀጥ አለች።

መርሳቱ የጀመራት በትንሽ ነገር ነው። ወጥ ሁለቴ ጨው ተደረገበት። ከዚያ ዕድሜ ልኳን ከተመላለሰችበት ዳቦ ቤት ወደ ቤቷ መመለሻው ጠፋት። እኔን በሞተችው እህቷ ስም ትጠራኝ ጀመር፤ መጀመሪያ አርማት ነበር፣ በኋላ አቤት ማለት ለመድኩ። ባልየው ግን ማረሙን አልተወም። «እሷ ሰፊዋ ጎረቤታችን ናት፣ እመቤት። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ እመቤት። እህትሽማ ሞታለች» ይላታል። ጠማማ ማየት አይችልማ! እሷም ስለ እህቷ ሞት በሰማች ቁጥር እንደ አዲስ ታለቅሳለች። ስንት ጊዜ በአጥሩ ላይ «ጋሼ፣ ተው እንጂ» ብዬዋለሁ መሰላችሁ።

ዶሮዎቹም አንድ በአንድ አልቀው የቀረችው አንዲት ቀይ ዶሮ ብቻ ናት። ስሟም ቀይዋ ነው። ኩክኒዋ፣ ያ አናቷ ላይ የሚቆመው ሥጋ፣ እንደ በርበሬ ይቀላ ነበር። እትዬ ሁሉንም ስትረሳ ቀይዋን አልረሳቻትም። ጠዋት ጠዋት ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ጓሮ ትወጣለች፣ ክዳኑን ትከፍታለች፣ እንቁላሉን አውጥታ ጉንጯ ላይ ታስደግፈዋለች። ሙቀቱ ደስ ይላታል። ከዚያ ወደ ቤት ዞራ «ዛሬም ሰጠችኝ!» ትላለች፤ እሱም ከውስጥ «ጎበዝ ናት!» ይላታል። ያ ጠዋት ከተሳካ ቀኑ ሙሉ ይሳካል። ትበላለች፣ ልብሷን ራሷ ትለብሳለች፣ አልፎ አልፎም ትተርባለች።

ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው በየጠዋቱ ትደውላለች። ደግ ልጅ ናት፤ ችግሩ ደግነቷ እናቷን መውሰድ መፈለጉ ነው። «አባዬ፣ ብቻህን አትችልም። አንተም እኮ አርጅተሃል። እኔ ጋ ሐኪምም ቅርብ ነው» ትለዋለች። እሱ ጆሮው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ እኔም ሳልፈልግ እሰማለሁ። እሺ፣ እየፈለግኩ እሰማለሁ። በመጨረሻ እንዲህ ብለው ተስማሙ፤ እናቲቱ ቀይዋንና እንቁላሏን እስካወቀች ድረስ ከቤቷ አትነቃነቅም። ያንን ያላወቀች ዕለት ግን ልጅቱ መጥታ ትወስዳታለች። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ዛሬስ እንቁላሏን አወቀች?» ሆነ።

ቀይዋ መጣል ያቆመችው እንግዲህ በዚህ መሃል ነው።

የመጀመሪያው ቀን እትዬ ክዳኑን ከፍታ ባዶ ስታገኘው ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው። ወደ ቤት ሄደች፣ ተመለሰች፣ ከፈተች። እኩለ ቀን ድረስ እንዲህ ስትመላለስ ዋለችና መሬት ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እህልም አልቀመሰች።

ጋሽ ውሃልክ ምክንያት ፍለጋ ያልሆነው የለም። መጀመሪያ አርጅታ ነው አለ። ግን ቀይዋ ገና ነበረች፤ ከገዛት ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ከዚያ ምግብ ነው አለ፤ በቆሎውን በስንዴ ቀየረላት፣ ቅጠላ ቅጠል ከተፈላት፣ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጦ ቀላቀለላት። ቀይዋ ቆንጠር አድርጋ ተወችው። ኩክኒዋ ከቀን ወደ ቀን እየነጣ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ ውሃ ውስጥ የከረመ ጣት መሰለ። ቀን ቀን ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች። ሲመሽ ደግሞ ቤቷ አልገባም አለች። ድሮ ሳይነግሯት ቆጧ ላይ የምትወጣዋ ዶሮ፣ አጥር ሥር፣ ባልዲ ኋላ፣ ያገኘችበት ትወሸቃለች። እሱ ሥርዓት የሚወድ ሰው አይደል? ማታ ማታ በሁለት እጁ አቅፎ ያስገባታል፣ ቆጡ ላይ ያስቀምጣታል፣ በሩን ይቀረቅርባታል። «ቤት ተሠርቶልሽ ደጅ ማደር ምን የሚሉት ጥጋብ ነው!» ሲላት እሰማለሁ።

እትዬ ነገረችው። ይህንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዶሮዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የነጣውን ኩክኒ በአውራ ጣቷ እየዳበሰች፣ «ደሟን እየጠጧት ነው» አለችው።

«እነማን ናቸው እመቤት?»

«እነሱ ናቸዋ። ቀን እንጨቱ ውስጥ ይተኛሉ። ሲጨልም ወጥተው ይጠጧታል።»

«ማንም የለም። እኔ አለሁ፣ በሩም ተዘግቷል። ነይ ግቢ፣ ብርድ ነው።»

በማግስቱ አጥር በሩ ላይ አዲስ መቀርቀሪያ ሠራ፣ እንድትረጋጋ ብሎ። እሷ በነጋታውም ያንኑ አለች፣ ከዚያም በኋላ አለች። እሱ ወደኔ ዞሮ በዓይኑ «ይኸው በሽታው እዚህ ደረሰ» አለኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ጤነኛ ነን የምንለው ሁለታችን ነበርን።

እስከዚያው ጠዋቷን ማዳን ነበረበትና ከሱቅ እንቁላል እየገዛ እሷ ሳትነቃ መጣያው ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረ። የሱቁ እንቁላል ነጭ ነው፤ የቀይዋ ግን ሻይ መልክ ነበር። እትዬ ገና ስታየው «ይሄ የሷ አይደለም» ብላ መለሰችው። ወዲያው ቫርኒሽ ይዞ ብቅ አለ! «ጋሼ፣ ልትገድላት ነው?» ብዬ ጮህኩበትና በወፍራም ሻይ እንዲነክረው አሳየሁት። መልኩ ተሳካ። እሷ ግን ጉንጯ ላይ አድርጋ «ቀዝቃዛ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ገና ጎህ ሲቀድ ተነስቶ እንቁላሉን ብብቱ ውስጥ ከትቶ፣ ክንዱን ግጥም አድርጎ፣ እየተንጎራደደ ያሞቃል። በአጥሩ ቀዳዳ ሳየው መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ የመጣው ግን ሳቅ አልነበረም። አርባ ምናምን ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው እንቁላል በብብቱ ቢያሞቅልኝ ብዬ አሰብኩ፤ የኔው ባል በሄደበት ይቅናው።

አንድ ጠዋት እንዲሁ እንቁላሉን በብብቱ ይዞ ጎንበስ ብሎ የዶሮ ቤቱ ውስጥ ገባ። ቀይዋ ከቆጡ ወርዳ በሩ ሥር ኩርምት ብላ ነበር። እንዳይረግጣት ሲዘል ተንገዳገደ፣ እንዳይወድቅ ቆጡን ከሥሩ ጨምድዶ ያዘ፣ እንቁላሉ ጷ! አለ።

ልብስ እያሰጣሁ ነበር። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች!» ብዬ በሳቅ ፈረስኩ። እንዲህ ያለ ተረት በዓይን ይታያል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አልሳቀም። እጁን ዘርግቶ ወጣ። መዳፉ ደም በደም ሆኗል።

«እንጨቱ ቆረጠህ?» ብዬ ከምሰፋው አንሶላ የተረፈ ነጭ ቁራጭ በአጥሩ ላይ አቀበልኩት። ጠረገው። ቁስል የለም። እንደገና ጠረገና መዳፉን አገላበጠ፤ ጭረት እንኳ የለም። ጨርቁ ላይ ግን ደሙ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ ቀርቷል። ደግሞ ነጠብጣቡ ይሄዳል። ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ፣ ደም ጠጥተው የተነፉ ነገሮች በነጩ ጨርቅ ላይ ይርመሰመሳሉ።

«ቅንቅን ነው» አልኩ።

ተመልሶ ገባ። የቢላዋውን ጫፍ ቆጡ ከግድግዳው ጋር በተሰካበት ስንጥቅ ውስጥ አስገብቶ አወጣው። እንጨት በዓመታት ይደርቃል፤ ያ ውሃ የማያስገባ የነበረ መገጣጠሚያ ፀጉር የሚያህል ክፍተት ፈጥሮ፣ ውስጡ ከላይ እስከ ታች በቅንቅን ተሞልቷል። አንዱን መገጣጠሚያ አየ፣ ሌላውን አየ፣ ሁሉንም አየ። ሚስማር የጠላባት እያንዳንዷ ቦታ ለእነሱ ቤት ሆናቸው ኖሯል። ቀን እዚያ ተኝተው ይውላሉ፣ ሲጨልም ወጥተው ዶሮዋን ይጠጣሉ። ቤቷን የጠላችው ለዚህ ነው። ማታ ማታ አቅፎ የሚያስረክባቸው ደግሞ እሱ።

መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ነግራኝ ነበር እኮ» አለ። «አንድም ሳታጎድል ነግራኝ ነበር። እኔ መቀርቀሪያ ሠራሁላት።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኛም ያን ጠዋት እንደዚያ ነበርን።

ያንኑ ቀን የዶሮ ቤቱን ነቅሎ ጓሮ መሃል ከመረው። ጠጋ ብዬ «በላምባ ታጥቦ አይድንም?» አልኩት። ያ ቅስት በር አሳዝኖኝ ነው። «ስንጥቁ ውስጥ አይደርስም» አለና ክብሪት ጫረ። የሠራውን ሁሉ እንዲያ ሲነድ ቆሞ አየው። እትዬ በረንዳው ላይ ነበረች። ሄዶ ፊት ለፊቷ ተንበረከከ።

«እመቤት፣ ልክ ነበርሽ። እንዳልሽው እንጨቱ ውስጥ ነበሩ። ልክ ነበርሽ» አላት። ይህ ሰው ልክ የምትለዋን ቃል ለማንም ሲያባክናት ሰምቼው አላውቅም።

እሷ ጭሱን አሸተተች። «ዳቦው እያረረ ነው። ቶሎ አውጡት እንጂ!» አለች።

አዲሱን ቤት በሚስማር መታው። ስንጥቅ የሌለው ለስላሳ አጣና መሬት በቀበራቸው ሁለት ጠርሙሶች አንገት ላይ አጋደመና ቆጥ አደረገው፤ በፈለገ ጊዜ አንስቶ በፈላ ውሃ እንዲያጥበው። መዶሻው ሲያስተጋባ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየው፣ ግን ማንም አልቀለደም። ለቀይዋ ጉድጓድ ምሶ በአመድ ሞላላት፤ እሷም ገብታ ክንፏን እያራገፈች ታጠበችበት። ማታ ሳይነግራት ቆጧ ላይ ወጣች።

የሱቅ እንቁላልም ተወ። «ከእንግዲህ አላታልላትም። ቀይዋ ራሷ ትስጣት» አለ። እውነቱን ነበር፤ ግን ደም ቶሎ አይተካም። ኩክኒዋ መጀመሪያ ደብዛዛ ሮዝ ሆነ፣ ከዚያ ጽጌረዳ መሰለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀላ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እትዬ ጠዋት የምትወጣበት ምክንያት አልነበራትም። መውጣቷን ተወች። ነጠላ ጫማዋ አልጋው ሥር ቀረ። አንዷ እየቀላች ስትመጣ ሌላዋ እየራቀች ሄደች፤ እኔ አጥሩን ይዤ ሁለቱንም አያለሁ። ልጅቱ ስትደውል «ዶሮዋ ገና ናት፣ ትንሽ ታገሺ» ይላታል።

በመጨረሻ ቀይዋ ጣለች። የሰማሁት ከማሽኔ ላይ ሆኜ ነው፤ የዚያች ዶሮ ጩኸት መንደር ይቀሰቅሳል። ክር ሳልቆርጥ ሮጬ ወጣሁ። ጋሽ ውሃልክ ከቤት እትዬን በክንዷ ደግፎ እያመጣት ነው። ጫማ አድርጎላታል፣ ፀጉሯንም አበጥሮላታል። ክዳኑን ራሱ ከፈተና እጇን ይዞ ወደ ውስጥ መራው።

እንቁላሉን አወጣችው። መዳፏ ላይ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችው። ጉንጯ ላይ አላደረገችውም።

«የማን ነው?» አለች።

«ያንቺ ነው። ቀይዋ ሰጠችሽ» አላት።

ቀና ብላ አየችው። ድሮ ዳቦ ቤት አዲስ ደንበኛ ሲመጣባት እንደምታየው፣ በፈገግታና በትሕትና። ከዚያ እንቁላሉን በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«እንግዲያው አባቴ፣ ካላስቸገርኩዎ ለባለቤቴ ያድርሱልኝ» አለችው። «አናጢ ነው፣ ቢጠይቁ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ነው የሚወጣው። እኔ ካልሰጠሁት አይበላም።»

አሁን ያርማታል ብዬ አጥሩን ጨበጥኩ። ባልሽ እኔ ነኝ ይላታል ብዬ። ዕድሜውን ሙሉ ጠማማ አይቶ ያላቃና ሰው ነዋ።

ኮፍያውን አወለቀ። እንቁላሉን ተቀበላት። «እሺ እመቤቴ፣ አሁኑኑ አደርስልዎታለሁ» አላት።

በረንዳው ላይ አስቀምጧት ገባ። ቀቀለው፣ ይዞት ወጣ፣ ከጎኗ ተቀምጦ ልጦ በላው። እያለቀሰ ነበር የሚበላው፤ እሷ ግን መንገዱን እያየች ነበር። ትንሽ ቆይታ «በላልዎት?» አለችው።

«በልቷል። እግዜር ይስጥልኝ ብሎዎታል።»

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዘው፣ እኔም ሰማሁ።

«አባዬ፣ ደህና አደራችሁ? ቀይዋ ጣለች እንዴ?»

«ጣለች።»

ልጅቱ ፈራ ተባ እያለች «እማዬስ? እንቁላሏን አወቀችው?» አለችው።

ጋሽ ውሃልክ ወደ እትዬ ዞሮ አየ። ሲልጥ እጇ ላይ የወደቀችውን ትንሽ ቅርፊት በጣቱ አነሳላት።

«እንዴታ» አለ። «ለባሏ ነው የላከችለት።»